የድምፅ አጣሪው ጠረጴዛ

በስልኬ ላይ ያየሁት ሰውዬ ጠረጴዛውን ሠርቶ ለመጨረስ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀበት። ሸሚዙ ላይ አንዲት ብናኝ እንኳ አላረፈችም። ሲጨርስ መዳፉን በጠረጴዛው ገጽ ላይ አሳልፎ ፈገግ አለ። እኔም አልጋዬ ላይ እንደተጋደምኩ መዳፌን በብርድ ልብሴ ላይ አሳለፍኩ። እኔ ቤት ጠረጴዛ አልነበረም። የምበላው አልጋዬ ላይ፣ የምጽፈው ጉልበቴ ላይ ነበር። አሥራ አንድ ደቂቃ መቼም አላጣም አልኩና ተነሳሁ።

አራት ወር ፈጀብኝ።

የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ከጨረስኩ ጀምሮ እዚያው ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ወረቀት አባዛለሁ፤ የሚወጣው ሁሉ የገባውን ይመስላል። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የዋለ ሰው ቤቱ ሲገባ ሌላ ሕይወት ያልማል። እኔም አንድ ሰሞን መርከበኛ ነበርኩ፣ አንድ ሰሞን ደግሞ ንብ አርቢ፤ ሁለቱንም አልጋዬ ላይ ተጋድሜ። አናጢነት ግን ተነስቶ መቀመጥን የሚጠይቅ የመጀመሪያው ሕልሜ ነው።

የምኖረው አምስት ደርብ ባለው አፓርታማ አራተኛው ደርብ ላይ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ከመግቢያው በር ጎን በመስታወት ውስጥ የተሰቀለ የነዋሪዎች ደንብ አለ። አንቀጽ ሰባት እንዲህ ይላል፦ «በመኖሪያ ክፍሉ የሙያ ሥራ እየሠራ ጎረቤት የሚረብሽ ነዋሪ ወይ ሥራውን ወይ ቤቱን ይለቃል።» ደንቡን ያረቀቁት የነዋሪዎቹ ሊቀመንበር ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ዛሬም ደረጃ ላይ ሲያገኙህ ትኬት ሳትቆርጥ እንደተሳፈርክ አድርገው ነው የሚያዩህ። ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ደርብ ላይ ጫማ ይጠግን የነበረ ሰው በዚህች አንቀጽ ወጥቷል። ስለዚህ መጋዜን በጋዜጣ ጠቅልዬ ነው ያስገባሁት።

እንጨቱ ግን በጋዜጣ የሚጠቀለል አልሆነም። ከአንድ የሕንፃ ሥራ የተረፈ ሁለት ሞራሌና ጥቂት ጣውላ ገዝቼ ስመጣ፣ እንደ ክንድ የወፈረው ሞራሌ ሦስተኛው ደርብ መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረ። ወደ ላይ አይል፣ ወደ ታች አይል። የፎቁ ጥበቃ መጣና ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይመለከተኝ ጀመር። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የመጋረጃ ዘንግ ነው አልኩት።

«የሲኒማ ቤት መጋረጃ ነው?» አለ።

በዚህ መሀል ከጀርባችን በር ተከፈተና እትዬ ብቅ አሉ። እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከእኔ ክፍል ሥር ይኖራሉ። የፎቁ ሰው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው፤ ሌላ ስም እንዳላቸው የሚያውቅ የለም። ባለ ፔዳል የስፌት መኪናቸውን ይዘው የገቡት ደንቡ ከመውጣቱ አሥር ዓመት በፊት ስለሆነና የመኪናዋም ድምፅ ማንንም አስከፍቶ ስለማያውቅ፣ ሊቀመንበሩ አይተው እንዳላዩ ያልፏቸዋል። ልጃቸውን ያስተማሩትም የዳሩትም በዚያች መኪና ነው። የሞራሌውን አንድ ጫፍ ያዙና፣

«አንተ ልጅ፣ በመስኮቱ አውጣው። ክንድን እጅጌ ውስጥ እንደማስገባት ነው» አሉኝ።

እንዳሉት ጫፉን በደረጃው መስኮት አወጣሁት፤ ዞረ፣ አለፈ። ስለ መጋረጃው ሰምተው ኖሮ፣ ጨርቁን ስገዛ እንዳመጣላቸው፣ ዋጋም እንደማይሉኝ ነገሩኝ። አመሰገንኩ። ውሸቴ ከእንጨቱ ጋር አብሮኝ አራተኛ ደርብ ወጣ።

አልጋዬ መሥሪያዬ ሆነ። ፍራሹን አንስቼ፣ እንጨቱን በአልጋው ጠርዝ ላይ አጋድሜ፣ ላዩ ላይ ተቀምጬበት እጋዛለሁ። እንጨት ጨምቆ የሚይዝ ሞርሳ አልነበረኝም፤ ሞርሳው እኔው ነበርኩ። ጣውላዎቹን በኮላ አጣብቄ ውሃ የሞሉ አራት ጀሪካኖች ጫንኩባቸው፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ውሃ ጠፋና ኮላው ሳይደርቅ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ጠጣኋቸው፣ ታጠብኩባቸው። የጠረጴዛው ገጽ እስከ ዛሬ መሀሉ ላይ እንደ መዳፍ ጎድጎድ ያለው በዚያ ምክንያት ነው። ሰጋቱራው ደግሞ የማይገባበት አልነበረም፤ በሻዬ ውስጥ፣ በካልሲዬ ውስጥ አገኘው ነበር።

ድምፁን የሚሸፍንልኝ የውሃ ፓምፑ ነበር። ምድር ቤት ያለው አሮጌ ፓምፕ ውሃ ባለ ቀን ሁሉ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሳል። ሲነሳ የአምስቱም ደርብ ብርጭቆ ይንቀጫቀጫል፤ ሰው ከሰው ጋር መነጋገር ያቆማል፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ። ሌላው ሰው ያንን አንድ ሰዓት እየረገመ ሲያሳልፍ እኔ ከሥራ እየሮጥኩ እደርስበት ነበር። ለመጋዜ እንዲህ የሚስማማ አጃቢ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ለእግሮቹ መለኪያ አልነበረኝም። ወደ እትዬ ወርጄ ሁልጊዜ አንገታቸው ላይ የሚንጠለጠለውን የጨርቅ ሜትር ለመጋረጃው ብዬ ተዋስኩ። እያመነቱ አውርደው ሰጡኝ።

«ሜትሯ አርጅታለች። የምትግባባው ከእኔ ጋር ብቻ ነው» አሉ።

እንደ ቀልድ ወስጄው ሳቅኩ። ሰባ ሁለት ሴንቲሜትር ለክቼ የመጀመሪያውን እግር ቆረጥኩ፤ ቦታ ስለሌለኝ እዚያው ከተገለበጠው ገጽ ጋር በምስማር መታሁት። ሁለተኛውን እግር የቆረጥኩ ቀን እትዬ ገበያ ወጥተው ስለነበር ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ባመጣሁት ረጅም የብረት ማስመሪያ ለካሁ። ሰባ ሁለት መቼም ሰባ ሁለት ነው፤ የተማረ ሰው ይህን አይጠራጠርም። በስልኬ ላይ ያለው ሰውዬ አራቱን እግር ጎን ለጎን አሰልፎ እኩል መሆናቸውን ያየበትን ቦታ፣ አሰልቺ ስለነበረ አሳልፌዋለሁ።

ሁለቱ እግሮች እንደተመቱ ሊቀመንበሩ ሁላችንንም ምድር ቤት ሰበሰቡን። አዲስ ፓምፕ ተገዝቶ ነበር። ስለ አሮጌው ፓምፕ በደል አጠር ያለ ንግግር አደረጉና ማብሪያውን ተጫኑ። ምንም አልተሰማም። የተበላሸ መስሎን ስንተያይ ሊቀመንበሩ ቧንቧውን ከፈቱ፤ ውሃው ፏ ብሎ ወረደ። ሰው አጨበጨበ፤ አንዲት እናት እንባ አወጣች። እኔም አጨበጨብኩ። ሁሉም ሲደሰት ብቻውን የሚያዝን ሰው ፊቱን የት እንደሚያደርግ እንደሚጨንቀው ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

አንድ ሳምንት ታገስኩ። ከዚያ ቀስ ብዬ ከጋዝኩ አይሰማም የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ቀስ ብሎ መጋዝ ግን የባሰ ነው። ፈጥኖ ሲጋዝ የመጋዝ ድምፅ ይሆናል፤ ቀስ ሲባል የምን ድምፅ እንደሆነ አይታወቅም። ነገሩ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ወደ ሁሉም ቤት ሄደ። አምስተኛ ደርብ ያለችው ነርስ አይጥ ነው ብላ መርዝ አስቀመጠች። አንደኛ ደርብ ያሉት ባልና ሚስት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ባልየው ሲያሸልብ ጥርሱን ያፋጫል አያፋጭም ተባብለው ተኳረፉ። እኔ ሦስተኛውን እግር፣ እንደገና በእትዬ ሜትር ለክቼ፣ በአምስት ቀን ቆረጥኩት።

በስድስተኛው ቀን ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ድምፁ የአይጥ አለመሆኑን አስረዱ፤ አይጥ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ አይገባም አሉ። የሰው ድምፅ ነው፣ ጉዳዩም የአንቀጽ ሰባት ነው። አንድ አጣሪ ይመረጥ ተባለ። ሁሉም ጎረቤቱን ስለሚጠረጥር ግን ማንም በማንም ሊስማማ አልቻለም። ያኔ ጥበቃው ከበሩ ላይ ሆኖ፣

«አራተኛ ደርብ ያለው ልጅስ? የእሱን ድምፅ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አለ?» አለ።

አልተገኘም። አንዳንዶቹ እንዲያውም እዚያ ፎቅ ላይ መኖሬን የሰሙት ያኔ ነበር። ተመረጥኩ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጠኝ።

እውነቱን ለመናገር ሥራው ተስማማኝ። በሦስት ዓመት ያላንኳኳሁትን በር በአንድ ሳምንት አንኳኳሁ። ሰው ለካ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ወንበር እየሳቡ፣ ሻይ እየቀዱ፣ ከላያቸውም ከሥራቸውም ያለውን ጎረቤት ይከሱልኛል፤ እኔም በጥሩ የእጅ ጽሑፌ አሰፍረዋለሁ። ነርሷ የሰማችውን ድምፅ መግለጽ ሲያቅታት፣ ለመርዳት ብዬ በአፌ አስመስዬ አሰማኋት።

«ልክ እሱ ነው» አለች። «እንዴት አድርገህ ያዝከው?»

እያጣራሁ መጋዝ አልችልምና ድምፁ ጠፋ። ሥራ በጀመርኩ ማግስት ድምፁ መጥፋቱ ስሜን አስጠራው። ሊቀመንበሩ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ትኬት እንደቆረጠ ሰው ያዩኝ ጀመር።

ያን ሰሞን እትዬም አልነበሩም፤ ልጃቸው ወልዳ እሷ ዘንድ ሰንብተው በስምንተኛው ቀን ነው የተመለሱት። አራተኛውን እግር በማስመሪያ ለክቼ፣ ምልክት አድርጌ፣ ጥግ አቁሜዋለሁ። አንድ መቁረጥ ብቻ ነበር የቀረኝ። ባለ ሦስት እግሩ ጠረጴዛ አልጋው ላይ ተገልብጦ ተኝቷል፤ እኔ ወለሉ ላይ እተኛለሁ፤ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው ያንን ምልክት ነው።

እትዬ በተመለሱ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ የመኪናቸው ድምፅ ከእግሬ ሥር ተነሳ። ተከ ተከ ተከ። በዚህ መሀል ማን ይሰማኛል አልኩ። መጋዙን አንስቼ አራተኛውን እግር በአንድ ትንፋሽ ቆረጥኩ፤ መታሁት፤ ጠረጴዛውን ገልብጬ አቆምኩት። መዳፌን በገጹ ላይ አሳለፍኩ፤ ፈገግም አልኩ። ጠረጴዛው ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሎ ቋ አለ። በሌላው በኩል ስጫነው ወደዚያ ዘመም ብሎ ቋ አለ። ወለሉ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሊቀመንበሩ ግን ያን ሰዓት ደረጃው ላይ ቆመው ጆሯቸውን ቧንቧው ላይ ለጥፈው ነበር። በማግስቱ ጠርተው ደብተሬን አስከፈቱኝና ቀኖቹን በጣታቸው ቆጠሩልኝ። እትዬ የሄዱ ቀን ድምፁ ጠፋ፤ እትዬ የመጡ ቀን ድምፁ መጣ። መኪናዋ አርጅታ መፋጨት ጀምራለች አሉ። እሑድ ሪፖርቱን በስብሰባ እንዳነብ፣ እትዬም ወይ መኪናዋን ወይ ቤቱን እንዲለቁ ወሰኑ። ማስረጃው ሁሉ በገዛ እጄ የተጻፈ ነበር።

ጻፍኩት። በጠረጴዛዬ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው፤ መስመር በቀየርኩ ቁጥር ጠረጴዛው ቋ ይላል። ጽሑፉ ያምር ነበር፤ ይህን አልክድም። «ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች» የሚለው ላይ ስደርስ በር ተንኳኳ። እትዬ ናቸው። ጠረጴዛውን እንዳያዩብኝ ወጥቼ በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ወሬው ደርሷቸዋል።

«አንተ ነህ አሉ የምትጽፈው» አሉ። «ልለምንህ አልመጣሁም። ያወቅከውን ጻፍ፤ ሌላ አልልህም።»

ይህን ብለው ወረዱ። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ ነበር።

ተመልሼ ገብቼ ቆምኩ። በሕልሜ ስንት ጊዜ ከመርከብ ዘልዬ ሰው አድኛለሁ፤ ውሃው ሁልጊዜ ሙቅ ነበር። አሁን የሚጠበቅብኝ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፤ እሷም ከዚህች ክፍል ታስወጣኛለች። ሪፖርቱን አልቀደድኩትም። እስከ እሑድ አራት ቀን ነበረኝ፤ አራቱንም ቀን ሪፖርቱም እኔም ዝም አልን።

እሑድ ሁሉም ምድር ቤት ተሰበሰበ። እትዬ ፊት ለፊት፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እንዳነብ ተጠራሁ። ሦስቱን ገጽ ከፈትኩ፤ መልሼ አጠፍኳቸው።

«ድምፁ የእኔ ነው» አልኩ። «ጠረጴዛ እየሠራሁ ነበር።»

ከዚያ ነርሷ ከንፈሯን መጠጠች፤ ልጁ ለእትዬ አዝኖ ነው አለች። ነገሩ ወዲያው ከሰው ወደ ሰው አለፈ። እንዲህ ያለ ሆደ ቡቡ ልጅ በዚህ ዘመን የት ይገኛል ተባለ። ሊቀመንበሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ርኅራኄ መልካም ነው፣ ደንብ ግን ደንብ ነው አሉ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተመስግኜ አላውቅም፤ የተመሰገንኩትም ዋሽቷል ተብዬ ነው።

ጠረጴዛውን ላምጣ አልኩ። ከጥበቃው ጋር አወረድነው። ሲያዩት ሳቁ። ያ ሁሉ ድምፅ ይህን ብቻ አይወልድም አሉ። አንደኛ ደርብ ያለው ባል፣ ልጁ ከቆሻሻ መጣያው አጠገብ ያነሳው ነው ብሎ ተከራከረ፤ ሚስቱ ከሰነበተ ኩርፊያዋ ወጥታ ተስማማችለት። ሊቀመንበሩ አንድ ጣታቸውን ጥጉ ላይ አሳረፉ። ቋ አለ። ጣታቸውን አነሱ። ቋ አለ።

«ይህን አንድ ሰው አስቦበት ሠራው ለማለት ይከብዳል» አሉ።

ያኔ እትዬ ተነሱ። ጠረጴዛውን እንድንገለብጥላቸው ጠየቁ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው አራቱን እግሮች አንድ በአንድ ለኩ። እንደገና ከመጀመሪያው ለኩ። ከዚያ ማስመሪያ አስመጥተው በእሱም ለኩ።

«ይሄና ይሄ በእኔ ሜትር ሰባ ሁለት ናቸው» አሉ፣ በተቃራኒ ጥግ የቆሙትን ሁለቱን እግሮች እየነኩ። «እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በማስመሪያው ሰባ ሁለት ናቸው። ሜትሬ ሃያ ዓመት ስትጎተት አንድ ጣት ያህል ተለጥጣለች። እኔ ስሰፋ እየቀነስኩላት ነው። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ከቆሻሻ የተነሳ ጠረጴዛ ደግሞ በእኔ ሜትር አይለካም።» ወደ እኔ ዞሩ። «ለመጋረጃ ብለህ ስንት ጊዜ ወሰድካት?»

«ሁለት ጊዜ» አልኩ።

አሁን የሳቀ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ተንበርክከው ለኩ፤ ያው ሆነ። የእትዬ ጉዳይ እዚያው ተዘጋ፤ መኪናዋም ቤቱም እንዳሉ ይቆያሉ ተባለ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አንቀጽ ሰባት ጮክ ተብሎ ተነበበ። ጫማ ጠጋኙ የወጣባት አንቀጽ መሆኗን አንዱ አስታወሰ። በሐሳቤ ልብሶቼን ማጣጠፍ ጀምሬ ነበር፤ ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ አለቁ። ጥበቃው ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ፣

«ደንቡ የሙያ ሥራ አይደል የሚለው?» አለ። «ይሄ ሙያ ነው?»

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ዞሩት። ጎንበስ ብለው የተጣመሙትን ምስማሮች፣ ከጎን የፈሰሰውን ኮላ፣ መሀሉ ላይ ያለውን ጉድጓድ አዩ። ረጅም ጊዜ ወሰዱ። ሙያ ሊባል አይችልም አሉ። ለማረጋገጥ ያህል ድምፅ ይሰጥበት ተባለ፤ የሠራሁት ነገር ሙያ አለመሆኑን የሚደግፍ ሁሉ እጁን እንዲያነሳ። ሁሉም አነሳ። እትዬም አነሱ። ሊቀመንበሩ እኔን አዩኝ። ክፍሌን አሰብኩና እኔም አነሳሁ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ስለነበርኩ፣ በሙሉ ድምፅ መወሰኑን በጥሩ የእጅ ጽሑፌ አሰፈርኩ። የጻፍኩት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ቋ እያለ።

ሰው ሲበተን እትዬ ደረጃው ሥር ጠበቁኝ። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም።

«አራት ቀን ሙሉ መኪናዬን ፈታትቼ ዘይት ስቀባ ነበር» አሉ። «ምናልባት የእኔ ይሆናል ብዬ። አንተ ከላዬ ሆነህ ታውቅ ነበር።»

ይቅርታ አልኳቸው። ሜትራቸውን መልሰው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ።

«መጋረጃውም ውሸት ነው ማለት ነው።»

«ውሸት ነው፣ እትዬ።»

«ጨርቁን ግዛና አምጣ። ዋጋ አልልህም ያልኩት ግን ቀርቷል።» ሁለት ደረጃ ወጥተው ዞሩ። «በእኔ ሜትር የለካሃቸውን ሁለት እግሮች አሳጥራቸው። እኔ ስሰፋ ጋዝ፣ እኔ ሳቆም አቁም። ከዚህ ሌላ አላውቅልህም።»

አሁን መስኮቴ መጋረጃ አለው፤ ቁመቱ ልክ ነው። ሁለቱ እግሮች አጥረዋል። ጠረጴዛው አሁንም ትንሽ ቋ ይላል፤ እሱ በእርግጥ ወለሉ ነው። የድምፅ አጣሪነቱንም አልተቀማሁም፤ ከእኔ የተሻለ ዝምተኛ አልተገኘም። የምሠራው ሙያ አለመሆኑ በሰነድ ስለተረጋገጠልኝ ያለ ስጋት ወንበር ወደ መሥራት ተሸጋግሬያለሁ።

ከሰዓት በኋላ እንጨቴ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ከሥሬ ተከ ተከ ሲል መጋዜን እስባለሁ። ሲቆም አቆማለሁ፤ መጋዙ ግማሽ እንጨት ውስጥ እንደገባ፣ ክንዴ እንደተዘረጋ። ብዙውን ጊዜ ክር እየቀየሩ ነው፣ ወዲያው ይቀጥላሉ። አንዳንድ ቀን ግን ዝምታው ይረዝማል። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያን ያህል አይፈጅም። እትዬ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አድርገው ጣሪያውን እያዳመጡ እንደሆነ አውቃለሁ። ክንዴ ይደነዝዛል፤ አልንቀሳቀስም።